«ጠቅላላ ምርመራ» የዕጢ ሕመምን ያያል ወይ? ጥቅሉን ከውስጥ ስንመዝነው

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች «ጠቅላላ ምርመራ እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ ያልለጠፈ የግል ላብራቶሪ ማግኘት ያስቸግራል። ሰው ሲደክመው፣ ሲከሳ ወይም ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «እስቲ አንዴ ሙሉ ቼክአፕ ልታይ» ይባላል። በባዶ ሆድ ይኬዳል፣ ሦስት አራት ቱቦ ደም ይቀዳል፣ ሽንት ይሰጣል፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ይዞ መውጣት ነው። እዚህ የምንገመግመው አንድን ተቋም ሳይሆን ጥቅሉን ራሱን ነው፤ የምንመዝነውም በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ከአንድ በላይ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ሲያጠቃ (ኦቶኢሚዩን ፖሊግላንዱላር ሲንድረም ይሉታል)፣ ይህ ጥቅል ምልክቱን ይይዛል ወይስ ያሳልፈዋል?

መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። የሚያስፈልገው መረጃ ግማሹ ጥቅሉ ውስጥ አለ። ቀሪው ግማሽ በትንሽ ጭማሪ የሚገኝ ነው፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያዝላችሁም። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ይነበባል፣ ይህ ሕመም ደግሞ የሚታየው ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ሕመሙን በአጭሩ። በአዋቂዎች ላይ የሚበዛው ዓይነት ሁለት የሚባለው ነው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይጠቃሉ (የአዲሰን በሽታ)፤ ከእሱ ጋር የታይሮይድ ዕጢ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽት ክፍል፣ ወይም ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ከሴቶች ዘንድ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያዎቹ እስከ አርባዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። አድሬናል ሳይነካ ታይሮይድ ከሌላ የዚህ ቤተሰብ ሕመም ጋር ሲጣመር ዓይነት ሦስት ይሉታል። ዓይነት አንድ የልጆች ነው፤ በአንድ ጂን (ኤአይአርኢ) ጉድለት ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ሲሆን የአፍ ፈንገስ፣ የፓራታይሮይድ (ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የአንገት ዕጢዎች) መድከምና የአዲሰን በሽታ በየተራ ይመጣሉ። በዙሪያቸው ደግሞ ለምጽ፣ በክብ ክብ የሚራገፍ ፀጉር (ላሽ)፣ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ፣ ሲሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚያስነሳው የአንጀት ሕመም) እና ከ40 ዓመት በፊት የሚቋረጥ የወር አበባ አሉ።

ሕመሙ ብርቅ ነው። ሆኖም ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታካሚ፣ የታይሮይድ ክኒን የሚውጥ ሰው ወይም ለምጽ ያለበት ሰው ብርቅ አይደለም፤ ሁለተኛው ዕጢ የሚጠቃው ከእነዚህ መካከል ነው። አዲሰን ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ሌላ የዚህ ዓይነት ሕመም ይይዛቸዋል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን ኤፍ ኬኔዲ የአዲሰን በሽታ እንዳለባቸው በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታወቀ፤ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞንም ይወስዱ ነበር። ብዙ ሰው ግን ፊታቸው ላይ የሚያየውን ጠይምነት የፀሐይና የጤና ምልክት አድርጎ ይወስደው ነበር።

ወደ ጥቅሉ እንግባ። ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አብዛኛው ግን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የደም ቅባት፣ ዩሪክ አሲድ፣ ሽንትና ሰገራ አለው። ከፍ ያለው ጥቅል ቲኤስኤች (የታይሮይድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን) እና አልትራሳውንድ ይጨምራል። ቅባቱና ዩሪክ አሲዱ ለእኛ ጥያቄ የሚረዱት ነገር የለም፣ እንለፋቸው።

ሲቢሲ ከሚታሰበው በላይ ይናገራል። መጀመሪያ ኤምሲቪ የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ የቀይ ደም ሴል መጠን ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ቢ12 መለካት አለበት፤ ምላስ ልሙጥ ሆኖ ቀልቶ፣ እግር ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር። ችግሩ የብረት እጥረት አብሮ ካለ ሴሉን ስለሚያሳንሰው ሁለቱ ተጣፍተው ኤምሲቪው «ደህና» ይመስላል። በዚህ ጊዜ አርዲደብሊው የሚለው ቁጥር (የሴሎቹን መጠን መለያየት የሚያሳየው) ከፍ ማለቱ ይጠቁማል። «ደም ማነስ ነው» ተብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ ሲሰጥ ደሙ ይሻሻላል፣ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12ቱ በዚያም ሊወርድ ስለሚችል መድኃኒቱን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሲቢሲ መስመር ኢዮሲኖፊል ነው፤ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ነው። በጠና የታመመ ሰው ኮርቲዞሉ (አድሬናል የሚያመነጨው የጭንቅ ጊዜ ሆርሞን) ስለሚጨምር ኢዮሲኖፊሉ ይወርዳል። እየከሳ፣ እያስመለሰ፣ እየደከመ ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ያለ ሰው ኮርቲዞሉ የታለ ያሰኛል። በእኛ አገር ይህ ቁጥር ከፍ ሲል የሚታሰበው የሆድ ትል ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሆኖም ሰገራው ንጹሕ ሆኖ፣ አልቤንዳዞል ተወስዶም ቁጥሩና ድካሙ አልወርድ ካሉ ለሦስተኛ ጊዜ የትል ክኒን መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው።

የባዶ ሆድ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። እስከዚህ ጥቅሉ ሥራውን ሠርቷል። የማይነግራችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው። ቀጭን የሆነ፣ በአጭር ጊዜ ክብደት የቀነሰ፣ ክኒኑ በወራት ውስጥ የማይሠራለት አዋቂ፣ በተለይ ራሱ ወይም ቤተሰቡ የታይሮይድ ሕመም ወይም ለምጽ ካለበት፣ «የአዋቂ ስኳር ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ጋድ 65 የሚባለው አንቲቦዲ (የመከላከያ ኃይሉ በቆሽት ላይ ያነጣጠረው ፕሮቲን) እና ሲ ፔፕታይድ (ቆሽት ራሱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን የሚያሳየው) ይለዩታል። ይህን መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ኢንሱሊን የሌለው ሰው በክኒን እየተጠበቀ ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላልና።

በተቃራኒው ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግቡም ሥራውም ሳይለወጥ ስኳሩ መላልሶ ቢወርድበትና መጠኑን እየቀነሰ ቢሄድ «ተሻለኝ» የሚያሰኝ ይመስላል። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው አድሬናል ነው። ኮርቲዞል ሲጠፋ ጉበት ስኳር ማውጣቱ ይቀንሳል፣ ትናንት ልክ የነበረው ኢንሱሊን ዛሬ ይበዛል። ከዚህ ጋር ክብደት መቀነስና ማቅለሽለሽ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መታየት ይገባል።

አሁን ዋናው ወጥመድ ላይ ደርሰናል፦ ቲኤስኤች። ለምሳሌ የአንዲት የ34 ዓመት ሴት ወረቀት እንዲህ ይላል እንበል። ቲኤስኤች 7.8፣ ስኳር 66፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) ትንሽ ከፍ ያለ፣ ኢዮሲኖፊል 8 በመቶ። ከቲኤስኤች ጎን የቆመችው «ከፍተኛ» የምትል ምልክት ዓይን ትስባለች። «ታይሮይድሽ ደክሟል» ይባልና ሌቮታይሮክሲን የሚባለው የታይሮይድ ክኒን ይታዘዛል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ትብሳለች፤ ትውከቱ ይጠናል፣ መቆም ያቅታታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮርቲዞል በተፈጥሮው ቲኤስኤችን ገታ አድርጎ ይይዘዋል። አድሬናል ሲደክም ገቺው ይነሳና ቲኤስኤች በመጠኑ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ በ4 እና በ10 መካከል ነው። ታይሮይዱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ኮርቲዞል ሲተካ ቁጥሩ ብቻውን ይመለሳል። ሁለቱም ዕጢዎች ታመው ከሆነም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነትን ሥራ ያፋጥናል፣ ኮርቲዞል ከደም የሚጠፋበትንም ፍጥነት ይጨምራል። በጭላንጭል የቀረችው ኮርቲዞል በዚህ ተጠርጋ ታልቅና ሰውነት ይወድቃል። ስለዚህ አድሬናልም ከተጠረጠረ በመጀመሪያ ኮርቲዞል ይተካል፣ የታይሮይድ ክኒን ይከተላል። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይህ ይሁን፦ ድካም ከክብደት መቀነስ ጋር ሆኖ ቲኤስኤች በመጠኑ ከፍ ካለ፣ ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት «ኮርቲዞሌ ይታይ» በሉ። ታይሮይድ የደከመበት ሰው ብዙውን ጊዜ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይከሳም።

እንቅርት መኖሩ ብቻውን ኦቶኢሚዩን (መከላከያ ኃይል የራሱን አካል ያጠቃበት) አያሰኝም፤ በአገራችን የአዮዲን እጥረት ስንት አንገት አሳብጧል። ለመለየት ቲፒኦ አንቲቦዲ ይጠየቃል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጥ ባዮቲንም የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ፀጉሯ የሚረግፍባት ሴት ባዮቲን የመዋጧ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ደም ከመስጠት ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ማቆም ይገባል፤ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ።

በላይኛዋ ሴት ወረቀት ላይ ምን እንደጎደለ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም የሉም። በብዙ ጥቅል ውስጥ «የኩላሊት ምርመራ» ሲባል ዩሪያና ክሬያቲኒን ብቻ ነው። ኤሌክትሮላይት (እነዚህ የደም ጨዎች) ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። ጥቅሉን ዝቅተኛ ነጥብ የምንሰጠው በዚህ ነው። አድሬናል ሲደክም ጨው በሽንት ይፈሳል፤ ሶዲየም ከ135 በታች ይወርዳል፣ ፖታሲየም ከ5 በላይ ይወጣል። ለቅባት ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ ቢውል ይሻል ነበር።

ኤሌክትሮላይት ስታስጨምሩ ግን የናሙናውን አያያዝ ተከታተሉ፤ የውሸት ውጤት የሚበዛበት ምርመራ ነው። ክንድ ታስሮ ጡጫ መላልሶ መጨበጥና መዘርጋት ፖታሲየምን ይጨምራል። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ ሴሎቹ ሲፈነዱም እንዲሁ። ደሙ ሳይጣራ (ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ) ለሰዓታት ከቆየ ወይም ሳይጣራ ማቀዝቀዣ ከገባ ፖታሲየም ይወጣል፤ በክፍል ሙቀት የቆየ ደም ውስጥ ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሱታል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ከፍ ያለ ፖታሲየምና ዝቅ ያለ ስኳር የአዲሰን መልክ ነው፣ ከሌላ ክሊኒክ ተሰብስቦ ዘግይቶ የደረሰ ናሙናም መልክ ነው። የሚለያቸው ሶዲየም ነው፤ ቱቦ ውስጥ በመቆየት እምብዛም አይለወጥም። ሶዲየሙም የወረደ ከሆነ በቁም ነገር ያዙት። ሶዲየሙ ደህና ሆኖ ፖታሲየሙ ብቻ ከወጣ እዚያው ላብራቶሪ ቤት ተቀድቶ ወዲያው እንዲሠራ አድርጉ፤ በቁም ነገር ካመማችሁ ግን ይህን ድጋሚ እቤት ሆናችሁ አትጠብቁ።

ሌላ ስህተት አለ፣ ትንሽ የሚመስል። ሐምራዊ ክዳን ያለው የሲቢሲ ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የፖታሲየም ጨው አለ፤ ይኸው ካልሲየምን ይይዛል። ባለሙያው ደም አንሶት ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ወይም ወደ ቢጫው ቱቦ ካፈሰሰ ፖታሲየም ሰማይ ይነካል፣ ካልሲየም ወለል ላይ ይወድቃል። አድሬናልም ፓራታይሮይድም አብረው የጠፉ ያስመስላል። ደም ሲቀዳላችሁ ሐምራዊው ከቀዩና ከቢጫው በኋላ መሞላቱን፣ ከቱቦ ወደ ቱቦ አለመገልበጡን ማየት መብታችሁ ነው።

ካልሲየም ራሱ በብዙ ጥቅል የለም። በአፍ ዙሪያና በጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ እጅ ተኮማትሮ መያዝ፣ በልጅ ላይ ደግሞ መንቀጥቀጥ ካለ መጠየቅ አለበት። አልቡሚን (ካልሲየምን የሚሸከም የደም ፕሮቲን) አብሮ ይለካ፤ አልቡሚኑ ከ4 በታች በሆነ ቁጥር ለእያንዳንዱ አንድ ግራም ጉድለት 0.8 ተጨምሮ ይታረማል። ማግኒዚየምም ይታይ፤ እሱ ካልተስተካከለ ካልሲየሙ አይስተካከልም። አፉ ውስጥ ነጭ የፈንገስ ሽፋን እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ልጅ «የሚጥል በሽታ» ተብሎ መድኃኒት ከተጀመረለት፣ ካልሲየሙ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ። የዚህ የዕጢዎች ሕመም የዓይነት አንድ አካሄድ እንዲህ ነው፤ ፈንገሱ ይቀድማል፣ ካልሲየሙ ይከተላል፣ አድሬናሉ ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

የትኛውም ጥቅል የማይሸጠው አንድ ምርመራ አለ፦ አፍንና መዳፍን ማየት። አድሬናሉ ሲጠፋ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ብዙ ኤሲቲኤች (አድሬናልን ሥራ የሚያዝ ሆርሞን) ታመነጫለች፣ እሱም ቆዳን ያጠቁራል። በነጭ ቆዳ ላይ ወዲያው ያስታውቃል፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይደበቃል። በቀን ብርሃን፣ በእጅ ባትሪ እየረዳችሁ እዩ። የመዳፍ መስመሮች ከዙሪያቸው ይልቅ ጠቁረዋል? የጣት አንጓዎችና ክርኖችስ? በቅርብ የዳነ ጠባሳ ከድሮዎቹ ይልቅ ጥቁር ነው? ጉንጩ ውስጥ፣ ምላስ ሥር ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል? ድድ በብዙዎቻችን ዘንድ በተፈጥሮም ጥቁር ነው፤ በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰች ሴት ደግሞ በድድ ብቻ ምንም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከድድ ይልቅ ጉንጭ ይታመናል። ወሳኙ ለውጡ ነው፤ የሁለት ሦስት ዓመት ፎቶ አጠገብ አስቀምጡ። ለምጽ ያለበት ሰው ላይ ነጩ እየነጣ ቀሪው እየጠቆረ መሄዱም ይታያል።

የደም ግፊትም በአብዛኛው በመቀመጥ ብቻ ይለካል። ለዚህ ሕመም አይበቃም። አምስት ደቂቃ ተኝቶ ይለካ፤ ከዚያ ተነሥቶ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይደገም። የላይኛው በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ራሱ ሊያደርገው ይችላል፣ የሚያዞረው ከሆነ አጠገቡ ሰው ይኑር። ጨው የማማር ነገርም መጠየቅ አለበት። ወጥ ላይ ጨው የሚጨምር ሰው ሞልቷል፤ ጨው በመዳፉ አድርጎ የሚልስ፣ ቀድሞ እንዲህ ያልነበረ ሰው ግን ሌላ ነው።

ጥቅሉን ጨርሰው «ምንም የለብህም» የተባሉ፣ ወይም «ጨጓራ ነው»፣ «ታይፎይድ ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ተብለው መድኃኒት የያዙ ሰዎች የሚያመጡት ታሪክ ይመሳሰላል፦ ምግብ አስጠላኝ፣ ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴን ያመኛል፣ ስነሣ ያዞረኛል፣ ልብሴ ሰፋኝ። እነዚህ ከነጨው ማማሩና ከመጥቆሩ ጋር ከተገጣጠሙ ቀጣዩ የጠዋት ኮርቲዞል ነው።

ስለ ኮርቲዞል ሰዓት ጠንከር ብለን እንናገር። ኮርቲዞል ጫፍ የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ ደሙ መቀዳት ያለበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። የሐኪም ማዘዣ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር «8፡00» ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተደርጎ ከምሳ በኋላ ከተቀዳ፣ ጤነኛው ሰው ራሱ ዝቅተኛ ሆኖ ይታያል። ማዘዣው ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፣ የተቀዳበት ሰዓትም ውጤቱ ላይ ይኑር። ማታ ማታ የሚሠራ ዘበኛ ወይም ነርስ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ የሰውነቱ ጠዋት ሌላ ነው።

ውጤቱ ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ አድሬናል መድከሙ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፤ ከ15 እስከ 18 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያስወጣል። በመካከል ያለው በኮሲንትሮፒን (ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች) ይፈተናል፦ 250 ማይክሮግራም ይወጋና በ30 እና በ60 ደቂቃ ይለካል፤ ከ18 ካልደረሰ ዕጢው መልስ መስጠት አልቻለም። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ማሽኑ ዓይነት ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። አሃዱንም አረጋግጡ፤ አንዳንዱ በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፣ 1 ማይክሮግራም በዴሲሊትር 27.6 ናኖሞል ነው። 140 የሚል ቁጥር አይታችሁ ብዙ እንዳይመስላችሁ፣ 5 ማይክሮግራም ማለት ነው። ከኮርቲዞሉ ጋር ኤሲቲኤች አብሮ ቢለካ ጥፋቱ ከዕጢው ይሁን ከላይ ከፒቱታሪ ይለያል፤ ናሙናው ግን በበረዶ ካልተያዘና ፈጥኖ ካልተጣራ ይበላሻል። ይህን የማያደርግ ቤት ከሆነ ባይጠየቅ ይሻላል።

ኮርቲዞልን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ለወራት ሲቀቡት ወደ ደም ይገባና አድሬናልን ያስተኛል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለመወፈር ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚዋጥ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። በእነዚህ ሰዎች ኮርቲዞሉ ይወርዳል፣ ቆዳው ግን አይጠቁርም፣ ፖታሲየሙም አይወጣም። ዕጢውን ያስተኛው መድኃኒቱ ነው፤ ሆኖም በድንገት ማቆሙ ራሱ ሊገድል ስለሚችል በሐኪም እየተቀነሰ ይቆማል። ሦስተኛው ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ነው፤ ኮርቲዞልን በሐሰት ከፍ አድርጎ የታመመችን ሴት ጤነኛ ያስመስላል።

አድሬናል ደከመ ማለትም ሁሌ ኦቶኢሚዩን ማለት አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ አድሬናልን ሊያጠፋ ይችላል፣ በእኛ አገር ሊረሳ የማይገባው ነው። ሪፋምፒሲን ደግሞ ኮርቲዞልን ቶሎ ስለሚያስወግድ፣ የቲቢ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ታማሚ ዕጢው ቀድሞ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ለመለየት የ21 ሃይድሮክሲሌዝ አንቲቦዲ (የአድሬናሉን ኦቶኢሚዩን ጥቃት የሚያሳየው) እና የሆድ ሲቲ ስካን ይረዳሉ።

አንዳንድ ቦታ «የኦቶኢሚዩን ምርመራ» ተብሎ ኤኤንኤ የሚባል በተጨማሪ ይሸጣል። ለዚህ ጥያቄ ገንዘባችሁን አትስጡት። ኤኤንኤ ሉፐስንና መሰሎቹን ለመጠርጠር ነው፤ ለታይሮይድ፣ ለቆሽትና ለአድሬናል የሚሆኑት አንቲቦዲዎች ስማቸውም አሠራራቸውም ሌላ ነው። «ኤኤንኤ የለብህም» መባል ዕጢዎቹን አያጸዳም። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚደረገው «ሜዲካል»ም እንዲሁ፤ ዋና ትኩረቱ ተላላፊ በሽታና ለሥራ ብቁነት ነው፣ እሱን ያለፈች ልጅ ዕጢዎቿ ታይተዋል ማለት አይደለም። ሙቀት ባለበት አገር፣ ረጅም ሰዓት ቆማ የምትሠራ ልጅ ጨው እየፈሰሳት ከሆነ ቶሎ ትወድቃለች።

ሲሊያክ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ምርመራው (ቲቲጂ አይጂኤ ከጠቅላላ አይጂኤ ጋር) የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ከሆነ ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም። ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ቂንጬ፣ በሶ የማይበላ፣ ገብስ ያልተቀላቀለበት ጤፍ ብቻ የሚበላ ሰው ሕመሙ እያለበት አንቲቦዲው ላይታይ ይችላል። ከመመርመራችሁ በፊት ምን እንደምትበሉ ለሐኪሙ ዘርዝሩ። የታይሮይድ ክኒን መጠኑ እየጨመረ እየጨመረ ቲኤስኤች አልወርድ ካለም፣ ክኒኑ ከቡናና ከብረት ክኒን ተለይቶ በባዶ ሆድ እየተዋጠ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አንጀቱ እንዳይመጥ ያደረገው ሲሊያክ ወይም የጨጓራ ኦቶኢሚዩን ሕመም መሆኑ ይመርመር።

እንግዲህ ላብራቶሪ ቤት ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? ከዚህ ቤተሰብ አንድ ሕመም ካለባችሁና አዲስ ድካም ወይም መክሳት ከመጣ፦ ሲቢሲ፣ የባዶ ሆድ ስኳር፣ ክሬያቲኒን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ካልሲየም ከአልቡሚን ጋር፣ ቲኤስኤች ከነፍሪ ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞኑ ራሱ)፣ ቢ12፣ የጠዋት 2 ሰዓት ኮርቲዞል። ቅባት፣ ዩሪክ አሲድና የሆድ አልትራሳውንድ ካልታዘዙ ይቅሩ። ምልክት ሳይኖርም፣ አዲሰን ያለበት ሰው ታይሮይዱን፣ ስኳሩን፣ ሲቢሲውንና ቢ12ቱን በዓመት አንዴ ያሳይ፤ ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ቲኤስኤችን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሕመም መካከል ብዙ ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ ከዓመታት በፊት የተገኘ ጤነኛ ውጤት ለዛሬ አይሠራም። ወረቀቱን ከነአሃዱና ከነሰዓቱ አስቀምጡ፤ የቁጥሩን አካሄድ የሚያሳየው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። የሚያስመልስ፣ ግፊቱ የወረደ፣ የሚቃዥ ወይም ራሱን የሳተ ሰው፣ በተለይ አዲሰን እንዳለበት የታወቀ ወይም ስቴሮይድ ያቋረጠ ከሆነ፣ ላብራቶሪ ወረፋ አይያዝለትም፣ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ለአዋቂ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን (ኮርቲዞልን የሚተካው መድኃኒት) በደም ሥር ወይም በጡንቻ ወዲያው ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሊትር ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) ወይም ግሉኮስ የተቀላቀለበት ሳላይን ይገባለታል፣ ስኳሩም ይለካል። ለኮርቲዞልና ለኤሌክትሮላይት የሚሆነው ደም መርፌው ከመወጋቱ በፊት በዚያው ቀዳዳ ይቀዳ፤ ውጤቱ ግን አይጠበቅም። አጅባችሁ የሄዳችሁ እናንተ ከሆናችሁ በር ላይ መጀመሪያ የምትሉት «አዲሰን አለበት፣ ሃይድሮኮርቲዞን ያስፈልገዋል» ነው፤ ስሙና ካርዱ በኋላ ይደርሳሉ።